የሠራተኛ ጤንነትና ዋጋው፤ ከቢቸናና ከሞጣ ታሪክ

ሠራተኛ ሲባል ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጣብን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ፣ ወይም በፋብሪካ መኪና ፊት የሚቆመው ባለሙያ ነው። ስለ ሠራተኛ ጤንነት ሲነገርም የምንሰማው ስለ እነዚሁ ነው። የሕክምና ወጪ ከዓመት ወደ ዓመት መጨመሩ፣ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸው ሰውነታቸውን በስፖርት እንዲያጠነክሩ መምከራቸው፣ የበሽተኛው ወጪ በማን ላይ ይውደቅ የሚለውም ክርክር፣ ይህ ሁሉ በከተማ የተወለደ አዲስ ጉዳይ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ጉዳዩ በአገራችን ገጠር ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በቍጥርም በድካምም የአገሪቱ ትልቁ ሠራተኛ ገበሬው ነው፤ ስለ ጤና በሕግ ገንዘብ ክፈል የተባለውም ከቢሮ ሠራተኛው ቀድሞ እርሱ ነው። ይህን ለማሳየት በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙትን ቢቸናንና ሞጣን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት በእነዚህ በሁለቱ አውራጃዎች ገበሬው የተጠየቀውን ከመክፈል አልፎ፣ የከፈልሁት የት ደረሰ ብሎ የጠየቀበት ዘመን ስለ ነበረ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ በኩል የሚዞረው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ሰሜን አቅንቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርሰው ነው። በዚህ በሁለተኛው የሚጓዝ ሰው በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን አገር እያየ ይሄዳል። አገሩ ጤፍ የሚያበቅል ደግ መሬት ነው። ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር በመሆኗ በአርበኞች ታሪክ ስሟ የታወቀ ነው፤ ሞጣም ጥንታዊት የጊዮርጊስ ደብር ያለባት የገበያ ከተማ ናት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁለቱም በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ እየራሳቸው አውራጃ ነበሩ።

በዚህ አገር የሥራው ዋና መሣሪያ የገበሬው የገዛ አካሉ ነው። ቀንበሩን በሬዎቹ ቢሸከሙም እርፉን ጨብጦ ትልሙን የሚያቀናው እርሱ ነው። ይህ ድካም ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ማሰብ ይቻላል። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ነው፣ በትልምና በትልምም መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ያህል ነው ብንል፣ ያንን ጥማድ አንድ ጊዜ ለማረስ ገበሬው ከበሬዎቹ ኋላ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳል። ጤፍ ደግሞ በአንድ እርሻ አይዘራም፤ አራትና አምስት ጊዜ ይታረስለታል። ስለዚህ ለአንዲት ጥማድ ጤፍ ብቻ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው፤ ያውም በጭቃ ውስጥ፣ አንድ እጁን በእርፉ ላይ ተጭኖ። አረሙ፣ አጨዳው፣ ውቂያው ገና አልተቈጠረም። ለእንዲህ ያለው ሰው ስለ አካል ማሠልጠኛ ትምህርት እንስጠው ብንል ይስቅብናል። ለጨዋታ እንኳ ቢሆን በዓል በመጣ ጊዜ የገና ዱላ ይዞ እሩሩን ሲያሳድድ የሚውል፣ ፈረስ ያለውም ጉግስ የሚገጥም ሕዝብ ነው።

ይሁን እንጂ የክንድ ጥንካሬ ከበሽታ አያድንም። እንዲያውም ሥራው ራሱ በሽታን የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ይህን ነገር በመጽሐፍ አስፍቶ ያስረዳ የኢጣልያ አገር ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነበር። ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም በሽተኛውን በሚመረምርበት ጊዜ ከሚጠይቀው ጥያቄ ላይ ሥራህ ምንድን ነው የሚለውን እንዲጨምር መክሯል። በአገራችን ይህን ጥያቄ ለገበሬው የጠየቀ ሐኪም ብዙ ዘመን አልተገኘም። ለምሳሌ ያህል ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውን የእግር እብጠት እንመልከት። በቀይ አፈር አገር ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ እያበጠ፣ ቆዳውም እየሻከረ ይሄዳል። በየመንደሩም ይህ ነገር እንደ እርግማን ይቈጠር ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፣ አንደኛው የዝሆኔ ዓይነት ከትንኝም ከትልም የማይመጣ መሆኑን፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው እጅግ የደቀቀ የማዕድን ብናኝ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሚያመጣው መሆኑን አስረዳ። መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው በጎጃም በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 3.3 ያህሉ ይህ በሽታ አለባቸው። በወላይታም ስለዚሁ በሽታ የተደረገ ጥናት በሽተኛው በዓመት ውስጥ ከሥራ ቀኖቹ ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጣ ገምቷል። እንግዲህ አንድ ጥንድ ጫማ የሚያድነውን በሽታ፣ ገበሬው በግማሽ የሥራ ዘመኑ ሲከፍልበት ኖሯል።

የታመመውን ገበሬ ማሳ ማን ያርስለት ነበር? ይህ ጥያቄ የቢሮው ሰው የሕመም ፈቃድ ከሚለው ነገር ጋር አንድ ነው። ዛሬ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የኋለኞቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ይፈቅድለታል። ለጎጃም ገበሬ ይህን የሚያደርግለት ጎረቤቱ ነበር። ሰው በክረምት መግቢያ የወደቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው በደቦ ይወጡና በአንድ ቀን ማሳውን አርሰው ይመለሳሉ። በሌላው ጊዜ ደቦ የጠራ ሰው ጠላና እንጀራ ማዘጋጀት አለበት፤ ለበሽተኛ በሚታረስበት ቀን ግን ስንቁን ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ጽኑ የሆነ ሕግ ነው። ጕድለቱ ግን የታወቀ ነው፤ ደቦ የአንድ ሰሞን ሕመም ይችላል እንጂ የዓመታትን ሕመም አይችልም። በሽታው ሲረዝም በሬው ይሸጣል፤ በሬው ከተሸጠም መሬቱ ለሌላ ሰው በእኩል ይሰጣል። ቤተሰቡም ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው ኑሮው መመለስ ይከብደዋል።

ሁለተኛውም ወጪ መንገዱ ነበር። ዛሬ ስለ ሕክምና ወጪ ስንናገር የምንቈጥረው የካርዱን፣ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ ነው። ለሩቅ መንደር ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣው የቃሬዛው ዋጋ ነው። ቃሬዛን በአንድ ጊዜ አራት ሰዎች ይሸከሙታል፤ ዳገት ባለበት አገር ተቀያያሪ ስለሚያስፈልግ ከ12 ያላነሱ ወንዶች አብረው ይወጣሉ። ሄደው ለመመለስ ሁለት ቀን ቢፈጅባቸው 24 የሥራ ቀን ጠፋ ማለት ነው። ይህ ደግሞ በሰኔ ቢሆን፣ ለመንደሩ በሙሉ ጉዳት ነው። ይህን ወጪ በመዝገብ የጻፈው ሒሳብ ሹም የለም።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ለሚወርደው ሰውማ ነገሩ የባሰ ነበር። ጎጃምን ከቤጌምድር ጋር የሚያገናኘው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ ቀረ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያም በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ የወዲያና የወዲህ ሰው በተሰበረው ቅስት መካከል በገመድ እየተጐተተ ይሻገር ነበር። ጤነኛውም፣ በሽተኛውም፣ ነፍሰ ጡሯም መሻገሪያቸው ያው ገመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ማኅበር ክፍተቱን በብረት ቢያገናኘውም በ2005 የዓባይ ሙላት ወሰደው፤ በ2009 ግን ከውኃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድልድይን በጤና ጥበቃ ወጪ ውስጥ የሚቈጥር ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን ለሞጣ ቆላ ሰው ያ ድልድይ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

አሁን መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ የገባበትን ታሪክ እንመልከት። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የዚህ ኮሌጅ አሳብ ለዚያ ዘመን ደፋር አሳብ ነበር፤ ሐኪሙ በሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛን ከሚጠብቅ፣ የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው በወረዳ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ፣ በሽታውንም ከመምጣቱ በፊት እንዲከላከሉ የታሰበ ነውና። ነገር ግን የሚሠለጥነው ሰው ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ ነበር። በዚህ መካከል በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መባቻ ላይ ታላቁ የወባ ወረርሽኝ መጣ። በቆላው ይኖራል ሲባል የነበረው ወባ ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመ፤ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተም ተገምቷል። የሞተው ከቤት የዋለው ደካማ ብቻ አልነበረም፤ በአጨዳ ወራት ማጭድ የሚይዘውም ሰው ወደቀና እህሉ በየማሳው ቀረ። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1959 የጤና ግብር ድንጋጌ ቁጥር 37 ወጣ። ከዚያ ቀደም በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ታውጆ ስለ ነበር፣ ባለ መሬቱ አሁን ከመሬቱ ግብርና ከአስራቱ በላይ ለትምህርትም ለጤናም የሚከፍል ሆነ። ድንጋጌውን ያወጡት ሰዎች አሳብ ነውር የለበትም። ሐኪም ቤት ያለ ገንዘብ አይሠራም፤ ገንዘቡም ከጤናው ተጠቃሚ ከሆነው ሕዝብ እንዲወጣ ማድረግ በብዙ አገር የተሠራበት ነገር ነው። ችግሩ የተነሣው ከአከፋፈሉ ቅደም ተከተል ነበር። ግብሩ በየመንደሩ በዓመቱ ደረሰ፤ ክሊኒኩ ግን አልደረሰም። በዚያን ጊዜ ሐኪም የሚገኘው በጠቅላይ ግዛቱ ከተማ፣ ቢበዛም በአውራጃው ከተማ ነበር። በቃሬዛ ሁለት ቀን ተጕዞ የሚደርሰውና በከተማው የሚኖረው በአንድ ድንጋጌ ይከፍሉ ነበር።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. ደግሞ አስራትን የሚተካው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ታወጀ። ይህ አዋጅ ግብር ገበሬው ካመረተው እህል በሚያገኘው ገቢ መጠን እንዲተመን ያዛል። ብዙ ያገኘ ብዙ እንዲከፍል ስለ ታሰበ፣ ሕጉን በወረቀት ላይ ያነበበ ሰው መልካም ነው ማለቱ አይቀርም። በጎጃም ግን ርስት በቀላድ አልተለካም ነበር፤ ገበሬውም ቀላድ ወደ ሌሎች አገሮች በገባ ጊዜ ስንት ሰው ከርስቱ እንደ ተነቀለ ሰምቷል። ስለዚህ ገማቾቹ ከፖሊስ ጋር ወደ መንደሩ በወጡ ጊዜ የመጣበት ፍርሃት ርስቴ ሊለካ ነው የሚል ነበር። በዚህም ላይ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ዘመን ለጦር መሣሪያ ምዝገባ የተጠየቀው ገንዘብና ሌላው ልዩ ልዩ መዋጮ ተጨመረ። ከአቤቱታውም መካከል ለትምህርትና ለጤና ብለን እንከፍላለን፤ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ግን የለም የሚለው ነበረበት።

እንቢታው የጸናው በሞጣና በቢቸና ነበር፤ ወደ ዳሞትም ተዛመተ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ብዙ ሰው ሞተ፤ እህልና ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻው ግን ጠቅላይ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ አዲሱ ግብር ሳይሠራበት ቀረ፤ ለብዙ ዓመታት የተከማቸውም ውዝፍ ግብር ተማረ። ይህን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ርስት፣ ስለ ሹማምንቱ አስተዳደርና ስለ ጎጃም ነባር ነፃነት በሰፊው ይጽፋሉ፤ ሁሉም እውነት አለው። ስለ ጤና ግብሩ የተነሣው ቅሬታ ግን ከርስቱ ጥያቄ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለ ሆነ ሳይብራራ ይታለፋል። እኛ ግን እርሱን ለይተን እንይዘዋለን፤ ዛሬ መሥሪያ ቤቶችን የሚያከራክረው ያው ጥያቄ ነውና።

በዚያን ጊዜ ከሹማምንቱ ወገን ገበሬው ጥቅሙን አያውቅም፤ ለጤናው የሚውለውን ገንዘብ እንኳ መክፈል ይጠላል ይባል ነበር። ይህ ፍርድ ትክክል ይሁን አይሁን ለማየት የአርባና የኀምሳ ዓመት መንገድ መጓዝ አለብን፤ በመካከል ያለውንም ታሪክ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ተነሣ፤ የዘውዱ መንግሥት ከነግብሩ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ለሁሉ እንዲዳረስ ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም ጤና ኬላ ማብዛት ያዘች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠልጣኝ ሴቶች መድቦ ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን አሰማራ። ቢቸናና ሞጣም የየራሳቸው ሆስፒታል አገኙ። ቃሬዛው ፈጽሞ አልቀረም፤ መንገዱ ግን አጥሯል።

በዚሁ ዘመን ሌላ ዓይነት ሠራተኛ በዛ። ይህም ከገበሬው ልጆች መካከል ተምሮ መሥሪያ ቤት የገባው ነው። አባቱ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ከበሬ ኋላ ይራመድ ነበር፤ እርሱ ከቤቱ እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ወንበሩ ይራመዳል። ስለዚህ ለውጥ የመጀመሪያውን ጥሩ ማስረጃ ያቀረበው የእንግሊዝ አገር ሐኪም ጄረሚ ሞሪስ ነው። ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አነጻጸሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የልብ በሽታ በሾፌሮቹ በዛ፤ በቲኬት ቆራጮቹ አነሰ። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ፣ በአንድ ከተማ አየር፣ በተቀራራቢ ደመወዝ የሚኖሩ ሰዎችን የለያቸው በዋናው ደረጃው ነበር።

በእኛም አገር ስለ ሰውነት ማጠንከር የሚያስብ አሠሪ ጠፍቶ አያውቅም፤ ግን አሳቡ የጦር ሠራዊቱ ሆኖ ቆየ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደሮችን ያሠለጥን ነበር። ከእነዚህም አንዱ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ማብቂያ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ጨረሰ፤ በቶኪዮም እንደገና አሸነፈ። ሕዝቡ ለሠልጣኙ እልል አለ፤ ሥልጠናው ግን ወደ መዝገብ ቤቱና ወደ ሒሳብ ክፍሉ አልገባም። መንገድ ለሰው የተባለው፣ በወር አንድ እሑድ መኪና ቆሞ ሰው በእግሩ የሚሄድበትና ስፖርት የሚሠራበት ልማድ የተጀመረው እንኳ በ2011 ዓ.ም. ነው።

የዘገየው ነገር ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊት ከመጠን በላይ እንደ ሆነባቸው አሳይቷል። ወባ ቢይዝ መድኃኒቱ ጥቂት ቀን ይወሰዳል፤ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ መድኃኒት ግን ለዕድሜ ልክ ነው። የነፍስ ወከፍ የጤና ወጪ በ2000 ዓ.ም. 16 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. 33 ዶላር ያህል ደረሰ። ከዚህም ውስጥ ከመቶ 31 ያህሉን በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ በቀጥታ ከኪሱ ይከፍላል። በእርግጥ የወጪው መጨመር ሁሉ ክፉ አይደለም። ድሮ ያልነበረው ሐኪም ቤት ስለ ተከፈተ፣ ያልታከመውም ስለ ታከመ የጨመረ አለበት። ከኪስ የሚወጣው ሲሶው ግን በሬ የሚያሸጠው ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የመጣው መድኅን ነው። አሳቡ የቆየ ነው፤ በጀርመን አገር በቢስማርክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1883 በወጣው ሕግ ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍል ነበር። በኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ተከትሎ በወጣው ደንብም ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 3፣ አሠሪውም ከመቶ 3 እንዲያዋጡ ተወሰነ። ሥራው ግን ይጀመራል እየተባለ በየጊዜው ተላለፈ፤ ብዙ ዓመታትም ሳይሠራበት ቆየ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሠራተኛው ቅሬታ ነበር። መምህሩ፣ ጸሐፊው፣ የጤና ባለሙያው ራሱ ሳይቀር፣ ከደመወዜ የሚቈረጠው ወዴት ይሄዳል፤ በጤና ጣቢያው መድኃኒት ሳይኖር ስለ ምን አስቀድሜ እከፍላለሁ ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ ይህ በ1960 ዓ.ም. በቢቸናና በሞጣ የተጠየቀው ጥያቄ ነው። የጠያቂው ልብስ ብቻ ተለውጧል። የተማረው ሠራተኛ ሲጠይቀው ጥያቄው ጥንቃቄ ይባላል፤ ገበሬው ሲጠይቀው ግን ድንቁርና ተብሎ ነበር። ያም ሆነ ይህ በሁለቱ ላይ የደረሰው አንድ አልነበረም፤ በሠራተኛው ጥያቄ ምክንያት አዋጁ ቆይቶ ተጠበቀ፤ በገበሬው ላይ ጦር ዘመተ።

ገበሬውም በበኩሉ መድኅን አልጠላም። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ከጎጃም ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል፤ የአባሉም ቤተሰብ በታመመ ጊዜ ያለ ክፍያ ይታከማል። አሠራሩ በደቦ ለኖረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የወደቀውን የቆሙት ያነሡታልና። ስለዚህ ሙከራው ወደ ሌሎቹም ወረዳዎች ተስፋፋ። ባለ መድኅኑ ገበሬ ጠንካራ ቅሬታ የሚያሰማው፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለንም ብሎ ወደ ግል መድኃኒት ቤት በላከው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን ለማሳደስ ይዘገያል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ጦርነትም መንገዱን እየዘጋ፣ የመድኃኒቱንም መምጣት እያሰናከለ ጭንቁን አብሶታል።

መዋጮው የሚሰበሰበው እህሉ ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ወራት ነው። ድሮም ግብር የሚሰበሰበው ገበሬው እህሉን ሸጦ በእጁ ገንዘብ በሚይዝበት በዚሁ የበጋ ወራት ነበር። ሰብሳቢው በየቀበሌው ጠረጴዛውን ዘርግቶ ደረሰኙን ይጽፋል። ገበሬውም ገንዘቡን ከመቀነቱ ፈትቶ ከመቍጠሩ በፊት፣ ባለፈው ዓመት ለልጁ የታዘዘለት መድኃኒት ዘንድሮ በጤና ጣቢያው መግባቱን ይጠይቃል።